የጓሮው ጥግ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቧንቧው ከደረቀ አሥራ አንደኛው ቀን

ሚጢዬ፣

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ከሆስፒታል ወጥተዋል። ከሁሉ አስቀድመሽ የጠየቅሽኝ ስለሳቸው ስለሆነ ሰላምታውን ወደ ኋላ ትቼ ከሳቸው ጀመርኩልሽ። ደህና ናቸው። በክራንች ከአልጋቸው እስከ ስፌት መኪናቸው ድረስ ይሄዳሉ። ሐኪሙ ፔዳል እንዳይረግጡ ቢከለክላቸውም በደህናው እግራቸው ይረግጣሉ። "እሱ የተናገረው ስለታመመው ነው፣ ስለጤነኛው ምን አገባው" ይሉኛል። ትልቋ ልጃቸው መንታ ወልዳለች፣ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ወንዱ ደግሞ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ገብቷል። እንግዲህ እሳቸውም እንደኔ ብቻቸውን ቀሩ ማለት ነው። እኔ ሳስነጥስ በግድግዳው በኩል "ይማርሽ" ይሉኛል፣ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ "ይማርዎ" እላለሁ። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር የማወራው እሱን ብቻ ነው።

አንቺስ እንዴት ነሽ? እጅሽስ? የሆስፒታሉ ማጠቢያ ማሽን የሚጠጣው መድኃኒት ጣቶችሽን እየላጠው ነው ብለሽኝ ነበር። ጓንት አድርጊ እንጂ። ፎቶ ላኪ ብዬሽ ዝም ማለትሽንም አልረሳሁም።

ሥራ እንዴት ነው ላልሽው፣ ሥራማ አለ፣ የጠፋው ውሃ ነው። ቧንቧው ድሮ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ ነበር፣ አሁን በሁለት ሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ከደፋሁ ቆየሁ፤ ለሚቀጥለው ልብስ መጀመሪያ ማጠቢያ አደርገዋለሁ። ከዚያ የተረፈውን መካኒኩ ለመኪና ጎማ ይወስደዋል፣ ከሱ የተረፈው ደግሞ አቧራ ለማስተኛት መንገዱ ላይ ይረጫል። አንድ ባልዲ ውሃ እንደ ወሬ ከቤት ቤት ሲዞር ይውላል።

ግን ነጭ ልብስ በዚህ ዓይነት ውሃ አይነጣም። የክሊኒኩ ጋውኖች ኮሌታቸው ግራጫ እየሆነ ነው። ባለፈው ሳምንት ነርሷ አንዱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ "ይሄ ታጥቧል ወይስ ሊታጠብ ነው?" አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ይሄ ነገር ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ካልተስተካከለ ሌላ አጣቢ እንፈልጋለን ብላኛለች። ክሊኒኩ ከሄደ ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ ምን እየሠራሁ እንደምውል አላውቅም።

ታዲያ ፀጉር ቆራጩ አንድ ሐሳብ አመጣ። እሱ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ መካኒኩ፣ ልብስ ሰፊዋና እኔ የአምስታችንን ጣሪያ በአሸንዳ እናያይዘውና ዝናቡን ወደ አንድ ጉድጓድ እንሰብስበው አለ። በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ክዳን ያለው ጉድጓድ። የዝናብ ውሃ ሳሙና አይፈጅም፣ በትንሹ ነው አረፋ የሚያወጣው፤ አንቺም በልጅነትሽ በሳፋ ስታጠራቅሚው ነው ያደግሽው። ከሁላችን ግቢ ዝቅ ያለው የኛ ነው፣ ከኛም ግቢ ዝቅ ያለው ያ የጓሮው ጥግ። ግቢያችን ውስጥ ሌላ ባዶ ቦታም የለም፤ የቀረው ማስጫ ገመድና የእግር መተላለፊያ ነው።

ግቢው በሁለታችን ስም መሆኑን ስለሚያውቁ "የታናሽሽንም ቃል እንፈልጋለን" አሉኝ። እሺ የምትል አንድ መስመር ላኪልኝ። ዝናቡ ሊገባ ሰባት ሳምንት ቢቀረው ነው።

እትዬሽ


እሑድ፣ የእረፍት ቀኔ

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የልብስ ሰፊዋ ነገር አሳቀኝ። በኔ ስም ሳሚልኝ፣ መንታዎቹን ግን እንዳትስሚ፣ ጉንፋን አይጠፋሽም።

እጄ እየዳነ ነው። ፎቶ ያልላክሁት ከስተሻል እንዳትዪኝ ነው። ምን ትበላለች ብለሽ እንዳታስቢ፣ ሁሉንም እበላለሁ፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ግን ቶሎ እጨርሳለሁ። ክፍሌ ያው ከማጠቢያው ፎቅ ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡን ከመልመዴ የተነሳ እሑድ ማሽኖቹ ሲቆሙ የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለኛል።

የጓሮው ጥግ ግን እባክሽ አይነካ። ለውሃው ሌላ ቦታ ፈልጉለት። ምክንያት አለኝ፤ አሁን አልጽፈውም፣ ሲሳካልኝ እነግርሻለሁ። አንድ ሰው ሜትር ይዞ ይመጣል። ጥጉን ለክቶ ይሄዳል፣ አያስቸግርሽም። አትቆጪኝ፣ ደግሞም አትጠይቂኝ።

ታናሽሽ


ሐሙስ ጠዋት፣ ደመና አለ ዝናብ የለም

ሚጢዬ፣

ዘገየሽ ብለሽ ብትቆጪ እውነትሽን ነው። ሁለት ደብዳቤ ልከሽ አንድም አልመለስኩም። ወረቀት አጥቼ አይደለም፣ ሥራ በዝቶብኝም አይደለም፣ እንዲያው እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ይቅር በይኝ።

መልሱን በየተራው ልስጥሽ። ሳሉ ለቆኛል። የውጭው በር አሁንም ይጮኻል፤ ዘይት ላደርግለት አስቤ ነበር፣ በኋላ ሰው ሲገባ እንድሰማ ብዬ ተውኩት። ፖስታው ውስጥ ዱቄት ብታገኚ የሳሙና ነው። አዎ፣ ግራጫ ሳሙና። አሁን እንደዚህም ይሠራሉ።

ሰውየሽ መጥቶ ነበር። ጫማውን በር ላይ ጠራርጎ ነው የገባው፣ አስተዳደጉ ጥሩ ነው። ሜትሩን ዘርግቶ ጥጉን በዚህም በዚያም ለካ፣ ትንሽ ደብተር ላይ ጻፈ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠሁት፣ ግማሹን ጠጥቶ የቀረውን "ለሥራዎ ይሁንዎ" ብሎ መለሰልኝ። ምን እንደሚለካ አልጠየቅሁትም። የሚነገር ቢሆን ነግረሽኝ ነበር። እኛ ቤት መጠየቅ ኪስ እንደ መግባት ነው የሚቆጠረው፤ እናታችን እንዲህ አድርጋ አሳድጋናለች፣ ምን ይደረግ።

ሰፈሩ ዝም ብሏል። ፀጉር ቆራጩ ደንበኞቹን ራሳቸውን ሳያጥብ ነው የሚሸኛቸው። "እቤታችሁ ታጠቡ" ይላቸዋል፣ "እቤታችን ቢኖር እዚህ ምን አመጣን" ይሉታል። የክሊኒኩ ነርስ አሁንም ደግማ መጥታ ነበር። ግንበኛው፣ ጉድጓድ የሚሠራው፣ በቅርብ ሌላ አገር ሥራ አለኝ ይላል።

ጥጉ እንዴት ነው ትዪኛለሽ፤ ጥጉማ ቦታው ነው፣ የት ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ለዛሬ ይበቃል።

እትዬሽ


ቅዳሜ፣ ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ቀን

ሚጢዬ፣

ዱቄቱ ሳሙና አልነበረም፣ ሲሚንቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ጉድጓዱ ከወገቤ በላይ ሆኖ ነበር። የጻፍኩልሽ የማስጫው ገመድ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ግንበኛው ጎኔ ሲሚንቶ ሲያቦካ ነፋሱ ወረቀቴ ላይ ይበትነው ነበር። ያንን እያየሁ ነው "ጥጉ ቦታው ነው" ያልኩሽ። ስንት ዓመት ተጻጽፈናል፣ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌልሽ አላውቅም።

ያሰብኩትን ልንገርሽ። ሰውየሽ ሜትሩን ጠቅልሎ ሲወጣ ደላላ ነው አልኩ። ድርሻዋን ልትሸጥ ነው፣ ለዚህ ነው አይነካ ያለችው፣ ጥጉ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ነው አልኩ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። የማላውቀው ሰው እዚያ ጥግ አጥር ሠርቶ፣ እኔ በዚህ በኩል ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየኝ ታየኝ። ጉድጓድ ያለበትን ቦታ ማንም አይገዛም ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ እንደዚያ ብዬ አሰብኩ፣ ምን ልደብቅሽ። አንቺን ከዚህ ቤት ጋር የሚያያይዝሽ ያቺ የቀረችሽ ድርሻ ብቻ ትመስለኝ ነበር፣ ከሸጥሽ ደብዳቤውም የሚቆም መሰለኝ። በአራተኛው ቀን ፀጉር ቆራጩ "እህትሽ መለሰች ወይ?" ሲለኝ "እሺ ብላለች" አልኩት። አፌ ነው ያለው፣ እኔ ቆሜ ሰማሁት።

እነሱ ምንም አያውቁም፣ በነሱ አትዘኚ። በማግስቱ አካፋ ይዘው መጡ።

ዝናቡ የገባው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን አላስገባነውም። ጣሪያው የስንት ወር አቧራና የእርግብ ኩስ ተሸክሞ ስለሚኖር፣ መካኒኩ ቱቦው ላይ መክፈቻ አበጅቶ ውሃውን ወደ መንገድ አስወጣው። አምስታችንም ቆመን፣ ልብስ ሰፊዋ በክራንቻቸው፣ ውሃ ሲፈስ እናያለን። ዳቦ ጋጋሪዋ አላስቻላትም፤ "ይህን ሁሉ ወር የለመንነውን ስንደፋ ያየን ሰው አብደዋል ይለናል" አለች። መካኒኩ ደግሞ እንደ ሚኒስትር ሰዓቱን እያየ "ገና ነው፣ ገና ነው" ይላል። ሲጠራ ዘጋውና ውሃው ወደ ጉድጓዱ ዞረ። ድምፁን ብትሰሚው። መጀመሪያ ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚንኳኳ በር ነበር፣ እየቆየ እየወፈረ ሄደ።

አንድ ባልዲ ቀድቼ የአንድ ጋውን ኮሌታ አሸሁ። አንዴ ብቻ ነው ሳሙና ያስነካሁት። ነጣ። ለማን ላሳየው ብዬ ዞር ስል ሁሉም ባልዲያቸውን ይዘው ሄደዋል። ለአንቺ ላሳይሽ ፈልጌ ነበር፣ የእንዲህ ዓይነት ኮሌታ ነገር የሚገባሽ አንቺ ነሽ።

ከጻፍኩት ሁሉ ይቅርታው አንሶ ታየኝ። ይቅር በይኝ። ልትሸጪው ከሆነም ሽጪው፣ ጉድጓዱን በጄ እደፍነዋለሁ።

እትዬሽ


ሰኞ፣ ከፈረቃ በፊት

እትዬ፣

ሰውየው ደላላ አይደለም። ቤት የሚሠራ ሰው ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ ወንድም።

እዚያ ጥግ ላይ አንድ ክፍል ልሠራ ነበር። አራት ሜትር በሦስት። በሩ ካንቺ በር ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ወደ ማስጫው። ሰውየው ንድፉ ላይ በሩን መጀመሪያ ወደ መንገዱ ነበር ያዞረው፣ እኔ ነኝ ወደ ግቢው መልስልኝ ያልኩት። ለሆስፒታሉ መልቀቂያ አስገብቼ ነበር። እዚያ መጥቼ ካንቺ ጋር ላጥብ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ይኸው ነው።

ለምን አልነገርሽኝም ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ ወይም አትጠይቂም፣ ግን ልንገርሽ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እመጣለሁ ብዬ ቀርቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አንሶላ ለውጠሽ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሄደሽ እንደተመለስሽ ልብስ ሰፊዋ አጽፈው ልከውልኛል። አንቺ ግን አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ሦስተኛ ጊዜ በባዶ ላስጠብቅሽ አፈርኩ። ግድግዳው ሲቆም፣ ቆርቆሮው ሲመታ፣ ያኔ "ይሄ የኔ ክፍል ነው" ብዬ ልጽፍልሽ ነበር።

መልቀቂያዬን ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት፣ ዓርብ ዕለት መልሼ ወሰድኩ። አለቃዬ "ሐሳብሽን ምን አስቀየረሽ?" አለችኝ። "ቦታ አልነበረም" አልኳት።

ጉድጓዱን እንዳትደፍኑት። የስንት ሰው ውሃ ነው። አልተቆጣሁም። ደከመኝ ብቻ። እዚህ ማሽኑ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ የት እንደሚተፋው አይታይም፤ ስለ ኮሌታው የጻፍሽውን ደግሜ ደግሜ ነው ያነበብኩት።

ታናሽሽ


ረቡዕ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል

ሚጢዬ፣

አይሆንም ያልሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ክፍሌን በመጋረጃ ለሁለት እንክፈለው ያልኩሽ እንዲያው ከምቀር ብዬ ነው። "በዚህ ዕድሜዬ ሰው ክፍል ውስጥ ጥግ ይዤ አልተኛም፣ የራሴን በር ነው የፈለግሁት" ማለትሽ ገብቶኛል። እኔም ብሆን የምለው እሱኑ ነው። እኔና አንቺ አንድ ክፍል ውስጥ ብንገባ በሳምንታችን በካውያ የምንደባደብ ነን።

ግንበኛው ወደ ሌላው ሥራው ከመሄዱ በፊት ክዳኑን ሊያይ መጥቶ ነበርና ጠየቅሁት። "በላዩ አንድ ክፍል ቢሠራስ፣ ቀለል ያለ?" አልኩት። በእግሩ ሁለት ጊዜ ረገጠውና "ሰውና ባልዲ ይችላል እናቴ፣ ግድግዳ አይችልም" አለኝ። "ታዲያ አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ በደንብ አበረታው አልነበረም?" ብሎ ተቆጣኝ።

ሥራ ተመልሷል ወይ ላልሽው፣ አዎ ተመልሷል። ክሊኒኩ የአንሶላውንም ጨምሮ ሰጥቶኛል። ነርሷ ኮሌታ ገልብጣ አይታ "እንግዲህ እንዲህ ነው" አለችና ሄደች፣ ከሷ አፍ ይህ ብዙ ነው። ውሃው ከክዳኑ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ቆጥበን ከቀዳነው እስከ ደረቁ ወራት እኩሌታ ያደርሰናል ይላል ፀጉር ቆራጩ። የማለቅለቂያውን ውሃ አሁንም አልደፋውም፣ ለምዶብኛል።

ለጎረቤቶቹ ነግሬያቸዋለሁ። እሺ ብላለች ያልኩት ውሸት እንደነበርና አንቺ ጥጉን ለምን ፈልገሽው እንደነበር። ንገሪያቸው ስላልሽኝ አይደለም፣ "እህትሽ ትባረክ" እያሉ በቀዱ ቁጥር ጆሮዬ አልችል ስላለ ነው።

መጀመሪያ የነገርኩት ለፀጉር ቆራጩ ነው፣ ለጠዋት ውሃው ሲመጣ። ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ "ብናውቅ የኔን ጓሮ እንቆፍር ነበር፣ ከፍ ያለ ቢሆንም በፓምፕ ይሆን ነበር" አለኝ። "አላወቅህማ" አልኩት። "አንቺስ?" አለኝ። "እኔም።" ያን ዕለት ባልዲውን እስከ አፉ ሳይሞላ ነው ይዞ የሄደው፣ የውሃው ጥፋት ይመስል።

ዳቦ ጋጋሪዋ ከነሽርጧ መጣች። እሷን ታውቂያታለሽ፣ አታለባብስም። "እሷ አልነገረች፣ አንቺ አልጠየቅሽ፣ ታዲያ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት የምትመላለሱት ምን ልትባባሉ ነው?" አለችኝ። "ሰላምታ" አልኳት። "ሰላምታማ ለኔም በየቀኑ ትሰጪኛለሽ፣ በነፃ" አለች። ከዚያ ትኩስ ዳቦ ክዳኑ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ተቆጥታ ይሁን አዝና እስካሁን አልለየሁትም።

መካኒኩ "እኔ ራሴ እጽፍላታለሁ፣ ደብዳቤዬን አይታ የማትመጣ ሴት የለችም" ብሏል። ሚስቱ ጎኑ ቆማ ነበር፤ "እኔ ያላየሁት ደብዳቤ ነው እንዴ?" አለችው። ሳቅን። ስለዚህ ከመካኒክ ደብዳቤ ቢመጣልሽ አትደንግጪ፣ ፊደሉ ግን አይነበብም።

ልብስ ሰፊዋ ሰምተውኝ በክራንቻቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በግድግዳው በኩል ሲያለቅሱ ሰማኋቸው፣ ወይም ጉንፋን ይዟቸው ይሆናል። "ይማርዎ" አልኳቸው።

ዛሬ ደግሞ የማላውቃት ሴት መጣች። ከታችኛው መንገድ ናት፣ በቅርብ ሻይ ቤት የከፈተች። ብርጭቆ ማጠቢያ ውሃ እንዳጣች ሰምተው እነ ዳቦ ጋጋሪዋ ናቸው የላኳት። ሁለት ጀሪካን ቀዳሁላት። ዙሪያውን እያየች "ግቢዎ ደስ ይላል" አለችኝ። "እርስዎ ሲወጡ የክዳኑን ቁልፍ ለማን ነው የሚተዉት?" አለችኝ። "የትም አልወጣም" አልኳት። "ከእርስዎ ሌላ ሰው የለም?" አለች። "የለም" አልኳት። ጀሪካኖቿን አነሳችና "እንግዲያው ጥሩ ነው፣ በመጣሁ ቁጥር አገኝዎታለሁ ማለት ነው" ብላኝ ሄደች።

እትዬሽ